የቱምቢ ሲሚንቶ

ሰፈሩ ቱምቢ ይለዋል። ቱምቢ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠለው ብረት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ሰውየውም እንደ ብረቱ ወደማንም የማያዘነብል መስሏቸው ነው። ዕድሜው ስልሳ አንድ ነው፤ አርባውን ዓመት የገፋው ከአሮጌ የድንጋይ ቤቶች ጋር ነው። የቅርስ ጽሕፈት ቤቱ የተመዘገቡ ቤቶችን እንዲጠግኑ ከፈቀደላቸው አራት ግንበኞች የመጀመሪያው እሱ ነው። ሌላ ግንበኛ ሲሚንቶ ይዞ ወደ አሮጌ ግድግዳ ሲጠጋ ካየ፣ «ምን በደለህ? ለምን መርዝ ታጠጣዋለህ?» እያለ መንገድ ላይ ያዋርደዋል።

እንግዲህ የዚህ ሰው የገዛ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ሆድ አውጥቷል።

ቤቱ አያቱ የገነቡት ነው፤ በሩ ላይ የቅርስ ቁጥር ተለጥፎበታል። ከዚያ ካበጠው ግድግዳ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ ታላቅ እህቱ ተኝታለች። ከወገቧ በታች አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሆናት። ከአልጋ ላይ መንገደኛ የሚያሳይ መስኮት ያለው በዚያ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ አልተኛም ብላለች።

«እትዬ፣ ወደ መሀል ክፍል ልውሰድሽ።»

«እዚያ ሰው አይታይም። ምነው፣ ሬሳ ነኝ እንዴ የምትሸሽገኝ?»

«ግድግዳው ቢወድቅብሽስ?»

«ግንበኛው አንተ አይደለህ? አታስወድቀዋ!»

ቀልዷ ነው። እሱ ግን ከክፍሏ ሲወጣ ክሩን አንጠልጥሎ እብጠቱን ይለካል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እሱን ነው። ግድግዳውን ከውስጥ በአራት እንጨት ደግፎታል፤ ያበጠ ሆድ ግን በእንጨት አይታከምም።

ያሳበጠውን ያውቃል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እህቱ «ክፍሌ ረጠበ» ብላ ስታማርር፣ ወጉ በኖራ መጠገን ነበር። ኖራ ደግሞ ውሃ ውስጥ ወራት ተኝቶ ካልበሰለ አይሆንም። ቱምቢ ያኔ ሥራ የበዛበት፣ ጥጋብም ያልጎደለው ሰው ነበር። ግድግዳውን ከውጭ በኩል በሁለት ቀን ሲሚንቶ ለሰነው። ለሰፊው ስንጥቅ የሚሆን ድንጋይ ፈልጎ ሲያጣ፣ ባዶውን የሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልሎ ጠቀጠቀበትና ደፈነው። ክፍሉ ደረቀ፤ እህቱ መረቀችው። አሮጌ ግድግዳ ግን እንደ ሰው ይተነፍሳል። ከላይ የገባው ውሃ በሲሚንቶው ታፍኖ መውጫ ሲያጣ፣ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ጭቃ ቀስ በቀስ አጥቦ ጨረሰው። ዛሬ በመዶሻ ሲነካ እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል።

መድኃኒቱንም ያውቃል። ከላይ ጀምሮ ድንጋይ በድንጋይ ማውረድ፣ እያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ቁጥር መጻፍ፣ ከዚያ በኖራ እንደነበረ መልሶ መገንባት። ደንቡ ያለ ፈቃድ አንድ ጠጠር አይነሳም ስለሚል አመለከተ።

የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ መጣች። ልጁ የምትሆን፣ ጠንቃቃ ሴት ናት። ግድግዳውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ይህን ሲሚንቶ ማን ነው የለሰነው?»

ከግድግዳው በፊት ሰውየው የወደቀው እዚህ ላይ ነው። አርባ ዓመት ሰው ሲያዋርድበት የኖረውን ነገር «በገዛ እጄ ሠራሁት» ማለት አቃተው።

«የቆየ ነው» አለ። «አባቴ በሕይወት ሳሉም ነበረ።»

እሷ ጻፈች፤ እሱ ፈረመ።

አባቱ ከሞቱ ሃምሳ ዓመት አልፏል። ደንቡ ደግሞ ሃምሳ ዓመት የሞላው ልስን፣ ሲሚንቶም ቢሆን፣ የቤቱ አካል ነው፤ ናሙናው ሳይመረመርና ኮሚቴው ሳይፈቅድ አይነካም ይላል። መርዙ ራሱ ቅርስ ሆነና ሕግ ዘብ ቆመለት! ኮሚቴው የሚሰበሰበው በየሦስት ወሩ ነው። አንዱ ስብሰባ ሰብሳቢው ታመው ቀረ፤ ሌላው አዳራሹ ቀለም እየተቀባ ነው ተብሎ ቀረ። አዎ፣ ቀለም! በሽተኛ የተኛችበት ግድግዳ ቀን በቀን ሲያብጥ፣ እነሱ የራሳቸውን ግድግዳ ያስውቡ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ ግድግዳው አናት ላይ የተከፈተው አዲስ ስንጥቅ የቱምቢን እጅ እስከ ክርን ማስገባት ጀመረ። ኩራቱን ውጦ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ መነጽራም ሠራተኛ ተቀምጧል።

«ዋሽቼ ነው። ሲሚንቶውን የለሰንኩት እኔ ነኝ።»

«ፈርመዋል እኮ።»

«ፈርሜ ነዋ የዋሸሁት!»

«ታዲያ አሁን እንዳልዋሹ በምን ይታወቃል? ማፍረስ ያማረው ሁሉ እኔ ነኝ የሠራሁት ይላል። ማስረጃ ያምጡ።»

«ማስረጃው ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው።»

«ግድግዳውን መንካት ደግሞ ክልክል ነው» አለና ወደ ሻዩ ዞረ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነጋ። ቱምቢ ሁለት ጎረቤት ጠርቶ እህቱን ከነፍራሿ አነሷት።

«አስቀምጡኝ! አንተ ከይሲ፣ በታላቅህ ላይ ሰው ታዘምታለህ?»

«ስድቡን እዚያ ሆነሽ ጨርሺው፣ እትዬ።»

መሀል ክፍል ካስተኛት በኋላ ለተቆጣጣሪዋ ደወለና «ልጄ፣ ነይና በዓይንሽ እዪ» አላት። ስትደርስ መሮና መዶሻ ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት!»

ነካው። በሦስተኛው ምት ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከተደፈነው የድሮ ስንጥቅ ውስጥ የተጨማደደ የሲሚንቶ ከረጢት ጎትቶ አወጣና ዘረጋላት። የተመረተበት ዓመት ታትሞበታል።

«አንብቢው።»

አነበበች። ገና ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ፈቃዱን በሦስት ቀን አስወጣለሁ» አለች። «ሥራው ግን ዝርዝሩ ውስጥ ባለ ግንበኛ ነው የሚሠራው።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«ነበሩ፣ ጋሼ። በሐሰት ፈርመዋል፤ አሁን ደግሞ ያለ ፈቃድ ነክተዋል። ሁለቱንም መጻፍ ግዴታዬ ነው።»

«የቀሩት ሦስቱስ?»

«አንዱ ዓይናቸው ደክሟል። ሁለቱ ክረምቱ እስኪያልቅ ሥራ ይዘዋል።»

ቱምቢ ሰማዩን አየ። ከዚያ መሰላሉን አቆመ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሦስት ቀን እኔ ልጠብቅ፤ ግድግዳው አይጠብቅም። ክሱን ጻፊ፣ አልከለክልሽም። ብቻ ስትጽፊ የድንጋዩንም ቁጥር አብረሽ ጻፊልኝ።»

የመጀመሪያውን ድንጋይ አወጣ፤ ቁጥር ጻፈበት፤ ለጎረቤቱ አቀበለ። «አንድ» አለ። ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። «አንድ» አለችና ጻፈች። ክስ ትጻፍ ፕላን ትሥራ፣ እሷም አልለየላት። ሁለት። ሦስት። ከውስጥ እህቱ ትጮኻለች፦ «ምንድን ነው የምትቆጥሩት? በግ ገዛችሁ እንዴ?»

ሠላሳ አንድ ላይ ዝናቡ ወረደ። ሸራ አለበሱት፤ ነፋሱ ገፈፈው። ቱምቢ ሠላሳ ሁለተኛውን ሊነቅል ሲታገል ግድግዳው ከውስጡ አቃሰተ። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቷን ጥላ በሱሪው ጎተተችው። «ይውረዱ! ጋሼ፣ ይውረዱ!» እግሩ መሬት ከመንካቱ የግድግዳው ሆድ ተከፈተ። ድንጋዩ፣ ጭቃው፣ አራቱ እንጨቶች፣ መስኮቱም ጭምር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባዶው አልጋ ላይ ወረዱ።

ጭቃ እንደለበሰ ወደ መሀል ክፍል ገባ።

«ወደቀ?»

«ወደቀ።»

«አልጋዬስ?»

«ከሥር ነው።»

አሁን አልቀለደችም። «አያታችን እያንዳንዱን ድንጋይ ቦታውን መርጠው ነበር አሉ ያስቀመጡት። እንደነበረ መመለስ ይቻላል?»

«ሠላሳ አንዱ ቁጥር አለው።»

«ሌላውስ?»

ቱምቢ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣ፤ በዝናቡ ሟሙቷል። ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ተቆጣጣሪዋ ፍርስራሹን ዙሪያውን በቢጫ ገመድ ታጥር ነበር። የወደቀ ቅርስም ያለ ፈቃድ አይነካም።