ለእንግዳ የተቀመጠ ሰደርያ

ይህችን ሴት «አንቱ» ብዬ አልጽፋትም። ዕድሜዋ ይፈቅዳል፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ናት፣ ፊት ለፊት ስንገናኝም ለረጅም ጊዜ «እርስዎ» እያልኳት ነው የኖርኩት። አሁን ግን አፌ እሺ አይለኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ የተወጋሁት በልጄ ነው።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት፣ አትናገርም። ድምፅ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች፣ ትሮጣለች፣ ግድግዳም ይሁን ሰው ያገኘችውን በጭንቅላቷ ትገጫለች። ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። እዚያ ስትሆን ጣቃዎቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ትገባና ከባዱን ጣቃ በላይዋ ላይ ትጎትታለች። ያኔ ዝም ትላለች፣ ትንፋሿም ይረጋል። ደንበኛ «ኧረ ልጅቷ ታፈነች!» ብሎ ሲደነግጥ እኔ እስቃለሁ። የኔን ልጅ የሚያባብላት ክብደት ነው።

ስለዚህ ታቦር ሰፈር ያለው መዋዕለ ሕፃናት እንደሷ ላሉ ልጆች ክፍል ከፈተ፣ ዕቃም በእርዳታ መጣለት ሲባል እልል ነው ያልኩት። ላስመዘግባት የሄድኩ ዕለት ዕቃውን አየሁት፦ የሚወዛወዝ ትንሽ ወንበር፣ ጩኸት የሚቀንስ የጆሮ ሽፋን፣ ሲጨምቁት ቅርጹን የሚቀይር ኳስ፣ በባዶ እግር የሚረገጥ ሻካራና ለስላሳ ምንጣፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኪሶቹ ውስጥ ክብደት የተሰፋበት ሰማያዊ ሰደርያ ነበር። ሰደርያውን አንስቼ በእጄ ስመዝነው እንባዬ መጣ። ልጄን የሚያውቃት ሰው የሰፋው መሰለኝ።

ግን ይህን ሁሉ ያየሁት ክፍል ውስጥ አይደለም። ዳይሬክተሯ ቢሮ፣ ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነላስቲኩ ተቀምጦ ነው ያየሁት።

«ክፍል የሚገባው መቼ ነው?» አልኳት።

«ይኸውልሽ፣ ልጆቹ ገና አያያዙን አያውቁም። ዛሬ ብሰጣቸው በወሩ ድራሹ ይጠፋል» አለችና ቁልፉን ኪሷ ከተተችው።

ሌባ አይደለችም፤ ይህን ልመስክርላት። በየቤታችን ለእንግዳ ተብሎ ቡፌ ውስጥ የተቀመጠ ብርጭቆ አለ። እኛ በላስቲክ ኩባያ እየጠጣን ብርጭቆው እዚያው ያረጃል። የእናቴም ቤት እንደዚያ ነበር፣ የኔም ቤት እንደዚያው ነው። ነገር ግን ብርጭቆ ተከለከልኩ ብሎ ራሱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ ልጅ የለም።

እኔም ዝም አላልኩም። ጎረቤቴ የሆነ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ፣ ኪሱን አሸዋ አስሞልቼ ሰደርያ አሰፋሁላት። ዳይሬክተሯ ከበር መለሰችው። «የማናውቀውን ነገር አናስገባም፤ ቤታችን ደረጃ አለው» አለችኝ። ደረጃውማ አለው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት!

ከዚያ እንግዳ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ወላጆች ተጠርተን ነበርና ሁሉን አየሁ። ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፣ የልጆቹ ፊት ታጠበ፣ ዕቃው ታደለ፣ ፎቶ ተነሣ። ሰደርያው ለልጄ ደረሳት። እመቤቴን! ተቀመጠች። ልጄ ከሌሎች ልጆች ጋር፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሙዝ በላች። ግድግዳ ተደግፌ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር የማያት።

እንግዳ ሲሄድ መኪናው ድረስ መሸኘት ነውና ዳይሬክተሯ ልትሸኝ ወጣች። እሷ በር ላይ እጅ እየነሣች ሳለ፣ ረዳት መምህሯ ላስቲኮቹን ይዛ ገባችና ዕቃውን ከየልጁ እጅ መልቀም ጀመረች። ልጄ ሰደርያውን አለቅም አለች። ዳይሬክተሯ ተመልሳ ራሷ ልታወልቀው ስትጎትት ልጄ ክንዷን ነከሰቻት። እሰይ! የታባቷንስ!

«እስክትረጋጋ ድረስ ቤት ትቆይ» ተባልኩ። የሚያረጋጋትን ነገር ነጥቃ፣ ቆልፋበት፣ ስትረጋጋ አምጫት ትለኛለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ልጄን ይዤ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ባሰባት። ጣቃው ሥር ገብታም አልተኛ አለች፤ ሰደርያውን ቀምሳዋለቻ! ደረቷን እየደበደበች ትፈልገዋለች። እኔም ደሜ እየፈላ ጨርቅ እለካለሁ።

አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ዳይሬክተሯ ናት። ዕቃውን የለገሱት ሰዎች ራሳቸው ሊመጡ ነው፤ የምስጋና ቃል የሚናገር ወላጅ ያስፈልጋል። «አንቺ ደግሞ አፍ አለሽ፣ ነጋዴ ነሽ። ጥሩ አድርገሽ ከተናገርሽ ልጅቷ በማግስቱ ትመለሳለች» አለችኝ።

«ምን ገዶኝ፣ እርስዎ ካሉኝ!» አልኳት። ስልኩን እንደዘጋሁ ድፎ ዳቦ አዘዝኩ፣ ትልቅ፣ የሠርግ የሚያህል።

በዕለቱ ልጄን አልብሼ፣ ዳቦውን ጭኜ፣ በባጃጅ ወደ ታቦር ወጣሁ። ዳቦውን ጥበቃው ቤት አስቀመጥኩት። እንግዶቹ ፊት ቆሜ ምስጋናውን ስናገር ከአፌ ማር ነው የሚፈሰው። ዳይሬክተሯ ራሷን እየነቀነቀች ትስቃለች። ልጄ ሰደርያዋን ለብሳ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላለች። ከዚያ እንግዶቹ ተነሡ፣ ዳይሬክተሯም እንደ ልማዷ ልትሸኝ ወጣች። እኔም ተከተልኩ። የመኪናው ሞተር ከተነሣ በኋላ ነው ዳቦውን ተሸክሜ ፊታቸው የቆምኩት።

«የእናት ዳቦ ሳትቆርሱ? በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ከእንግዶቹ አንዱ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ሳቁና «እሺ ልጄ፣ እዚሁ እንቁረሰው» አሉ።

«ኧረ አይሆንም አባቴ! በልጆቹ ስም የተጋገረ ነው። ልጆቹ ፊት መርቀው ይቁረሱልን።»

«እንግዶቹ ቸኩለዋል እኮ» አለች ዳይሬክተሯ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ግን በሞቴ ተብሎ፣ ያውም ምርቃት የተለመነ ሽማግሌ፣ እንዴት አድርጎ ይሄዳል? ወረዱ። ዳቦውን እንደ ታቦት ተሸክሜ ከፊት ከፊት መራኋቸው።

በሩን በእግሬ ነው የከፈትኩት። ረዳቷ ተንበርክካ ምንጣፉን ትጠቀልላለች። አንዱ ሕፃን የተነጠቀውን ኳስ እያየ ይነፋረቃል። አንዲት ሞግዚት ደግሞ ልጄን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ሰደርያውን ግማሽ ድረስ አውልቃዋለች። የልጄ ጩኸት ከአጥር ውጭ ይሰማል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ሽማግሌው።

«ለ… ለጽዳት ነው። ልናጥበው ነው» አለች ዳይሬክተሯ።

«ለጽዳት አይደለም!» አልኩ። «እናንተ ተመልሳችሁ እስክትመጡ ቁም ሳጥን ሊቆለፍበት ነው። ንገሪያቸው እንጂ! አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው!»

ፊቷ አመድ መሰለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለምን እዋሻለሁ? ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያን ቀን ደስ ብሎኛል። ዳቦው ሳይቆረስ ቀረ፣ ሰዎቹ ግን ቁም ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ዕቃው ሁሉ ክፍል ሲገባ በዓይናቸው አይተው ነው የሄዱት። ልጄም ተመለሰች።

ይበቃኝ ነበር? አልበቃኝም። ሱቅ ለመጣ ሁሉ አወራሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አወራሁ፣ ባጃጅ ውስጥ አወራሁ። ሴትዮዋ ገበያ ስትወጣ ሰው እየተጠቋቆመ ያያት ጀመር። ሲብስባት ሽማግሌ ላከችብኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴን የሚያውቁ የሰፈራችን ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ተይ፣ በቃሽ» አሉኝ።

«እርስዎን አላሳፍርም አባባ። ግን የምጠይቀው ካሳ አለኝ» አልኳቸው። «በየጠዋቱ ሰደርያውን ለልጄ እሷ ታልብሳት። ሌላ ሰው አይደለም፣ እሷ ራሷ፣ ተንበርክካ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጉልበቷን እንደሚያማት ነገሩኝ። አውቄ ነው አልኳቸው።

ተስማማች። በየጠዋቱ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት በሩ ላይ ቆሜ አያት ነበር። ሲሚንቶው ላይ ወንበር ተደግፋ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ልጄ መጀመሪያ ላይ ትጮህባት፣ ትቧጭራት፣ ጀርባዋን ትሰጣት ነበር። እኔ አልገላግላቸውም። እየቆየ ግን ሴትዮዋ ነገር አወቀች። የሚንሿሿውን አምባሯን አውልቃ መምጣት ጀመረች። በፊት ለፊት መምጣቷን ትታ በጎን ትመጣለች፣ ቃል አትተነፍስም፣ ሰደርያውን መጀመሪያ ጭኗ ላይ አኑራ ትጠብቃታለች። ይህን ሁሉ አየሁ፤ አመሰግናለሁ ግን አላልኳትም፣ አልልምም።

አንድ ጠዋት ልጄ እጄን ለቀቀችና ማንም ሳይጠራት ወደ እሷ ሄደች። ፊቷ ቆመች። ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሣችና ሰደርያው እስኪገባላት ጠበቀች።

አራት ዓመት ሙሉ እጅጌ ያስገባሁላት እኔ ነኝ፣ እየታገልኩ፣ እየተነከስኩ። አንድ ቀን እንኳ እጇን አንሥታልኝ አታውቅም።

ዳይሬክተሯ እንደተንበረከከች ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«አየሽልኝ?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኳት።