ፈርቶ ነው እንጂ ደስ ብሎት አይደለም

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ቤት በጽዳት ስሠራ፣ ሳሎኑ ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚኖር ዓሣ ነበር። ጎኑ ላይ ቢጫ ሸንተረር አለው፤ ዓይኑ የሰውን እንቅስቃሴ ይከተላል። የነጋዴው እናት ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ልብሳቸውን ትተው ዓሣውን በባልዲ ይዘው ነው የሸሹት። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ከአባይ አጥማጆች የገዙላቸው ነው። እናትየዋን ሐጃ እላቸዋለሁ።

ነጋዴው እንግዳ በመጣ ቁጥር ገንዳው ውስጥ ዱላ ከትቶ ዓሣውን ጥግ ያስይዘዋል። ያን ጊዜ ዓሣው እንደ ኳስ ይነፋል፤ ሆዱ ላይ ትንንሽ እሾህ ይቆማል። እንግዶቹ ይስቃሉ። "ደስ ሲለው ነው እንዲህ የሚሆነው" ይላቸዋል።

እኔ ግን ብቻችንን ስንሆን አይቼዋለሁ። ከቦይ የለቀምኩትን ቀንድ አውጣ ስጥልለት ዛጎሉን ቀርጥፎ ይበላል እንጂ አንድ ቀን ተነፍቶ አያውቅም። ገበያ ላይ ከአትባራ ወንዝ ዓሣ የሚያመጡ ሽማግሌ አሉ፤ ጠየቅኋቸው።

"ፈርቶ ነው ልጄ" አሉኝ። "የሚበላው ትልቅ ዓሣ ሲመጣበት ውኃ ጠጥቶ ይተልቃል፣ የዚያ አፍ እንዳይበቃው። ከውኃ ካወጣችሁት ግን የሚውጠው አየር ነው። እሱን መትፋት ካቃተው ይሞታል።" አየሩ እንዴት እንደሚወጣም በእጃቸው አሳዩኝ።

ለነጋዴው ነገርኩት። "ሥራሽን ሥሪ" አለኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ሐጃ ለቅሶ ሄደው፣ ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ ነጋዴው ዓሣውን በመረብ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ያዘው። ዓሣው ተነፋ። መልሶ ሲጥለው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ፤ ክንፉን ያርገበግባል፣ መገልበጥ ግን አልቻለም። ሳቁ ቆመ። ማንም አልተነሣም።

የሻይ ትሪውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ውኃው ውስጥ ከተትኩ።

"ተይው!" ብሎ ነጋዴው ጮኸብኝ።

"አልተውም።"

"ከዚህ ቤት ትወጫለሽ!"

"እወጣለሁ። መጀመሪያ እሱ ይተንፍስ።"

የዓሣው ጥርስ ጣት እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። ከጀርባው ይዤ፣ አፉን ወደ ላይ ጭራውን ወደ ታች አድርጌ፣ እዚያው ውኃው ውስጥ ቀስ ብዬ ነቀነቅሁት። አንድ አረፋ ወጣ። ቆይቶ ሌላ። እጄን አጸናሁት። ሆዱ እየጎደለ ሄደና ከእጄ ሾልኮ ወደ ታች ዋኘ።

ክንዴን በቀሚሴ ጠርጌ ወጣሁ። ማንንም አልተሰናበትኩም።

ሰሊጥ የሚበጠርበት ግቢ ሥራ ጀመርኩ። በሳምንቱ ሐጃ ነገሩን ሰምተው ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ መጡና አቧራው መሀል ቆመው "ተመለሽ ልጄ" አሉኝ።

"ማንም የማይነካው ከሆነ ነዋ! እንግዳም ይሁን፣ ልጅዎም ይሁን።"

"መኝታ ቤቴ አስገብቼዋለሁ" አሉ። "ቁልፉ እኔ ጋ ነው።"

ተመለስኩ። ነጋዴው ወር ሙሉ ሰላም አላለኝም። እኔም አላልኩትም።