ያልጠራሁት ስም

ወታደሮች የያዙኝ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ከቁስቋም ስወርድ ነው፤ የተቃውሞ ወረቀት በትነሃል ብለው። ወረቀት አላገኙብኝም። ያገኙት ደብተሬን ነው፤ የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ ማለት ይኸው ነው።

ሕንዱ የሂሳብ አስተማሪያችን ከትምህርት በኋላ ዮጋ ያሠራን ነበር፤ የአሠራሩን ስሞች ከደብተሩ ጀርባ ጽፌያለሁ። ቋንቋው ሳንስክሪት ነው፤ የእነሱ ግእዝ በሉት። ታዳ ተራራ፣ ቪራ ጀግና፣ ሻቫ ሬሳ፤ ከኋላ የሚቀጠለው አሳና ደግሞ አቀማመጥ።

መቶ አለቃው ጠረጴዛውን ደበደበ። «ተራራው የት ነው? ጀግናው ማነው? ማንን ነው ሬሳ የምታደርጉት? ያስተማረህን ተናገር!»

 ስሙን ብጠራ ያ ደግ ሰው ከነልጆቹ መባረሩ ነው። በጥፊ አጮለኝና ወደ እስር ክፍሌ መለሰኝ።

ክፍሉ ቁንጫና የሽንት ሽታ ነው። አጠገቤ የሚተኙት መሪጌታ የአቋቋም፣ የማሕሌት ዝማሬና ሽብሸባ፣ መምህር ናቸው። በቅኔ ሹም ነክተዋል ተብለው ስድስት ወር ታስረዋል፤ በሚመጣው ሳምንት ይፈታሉ ተብሏል። የሆነውን ሁሉ አጫወትኳቸው። ቃላቱን አንድ በአንድ አስደገሙኝ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «እንዴት ቁም፣ እንዴት ተቀመጥ የሚል ነዋ።»

በማግሥቱ መቶ አለቃው፣ ሊቅ ናቸው ብሎ፣ ደብተሩን እንዲፈቱለት አስጠራቸው። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። መሪጌታ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡ።

«አቋቋም ነው» አሉ።

«ማን አስተማረው?»

«ምነው ልጄ! አቋቋም እያልኩህ ከእኔ ሌላ ማንን ትፈልጋለህ?»

መቶ አለቃው ቃላቱ ግእዝ መሰሉት፤ ግእዝ አያውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ አሳፈረው። «እንግዲያው ከተማሪዎ ጋር ይቆዩ!» አለ። መፈታታቸው በዚሁ ቀረ።

ክፍላችን ስንገባ እንባዬ መጣ። «የኔታ፣ ምን አደረጉ?»

«ዋሸሁ እንዴ? ይልቅ ጠጋ በልልኝ፣ ጎኔን ላሳርፍ።»

ሁለት ወር ቆይቼ እኔ ቀድሜ ተፈታሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አገጬን ያዙና «ቀና በል» አሉኝ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ሕንዱ አስተማሪ ወደ ጥግ ወሰደኝ። የደብተሩን ወሬ ሰምቷል፤ ፊቱ ገርጥቷል። «በእኔ ምክንያት የተጎዳ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት፣ እንዳይከፋው።

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በመሪጌታ ዕድሜ ነኝ፤ ደክሞኛል፣ ብዙውንም ረስቻለሁ። ያቺን «የለም» ግን አልረሳኋትም። የእሱን ስም ላለመጥራት ጥፊ ችያለሁ፤ የእሳቸውን ስም ያን ዕለት ልነግረው ይገባኝ ነበር። በእሱ ፈንታ ገና እስር ቤት ነበሩ።