ስግደረደር የመሰላቸው ቀን

የሸንጎ አባል ይታሰራል ብሎ ያሰበ ሰው በእኛ ሰፈር አልነበረም። ታሰረ። ለብሔራዊ ሸንጎ የመረጥነው ሰውዬ፣ ቀድሞ አስተማሪ፣ ኋላም የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የነበረው፣ ከአዲስ አበባ ስብሰባ ሲመለስ መናኸሪያ ላይ ከአውቶቡስ እንደወረደ ነው የያዙት። ሻንጣውን እንኳ ከላይ ሳያወርዱለት ወሰዱት አሉ። በምርጫው ጊዜ ምልክቱ ዝሆን ነበር። የአዋሳ ሰው እያዘነም መቀለድ አይተውምና ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ዝሆኑ ጉድጓድ ገባ» ይባባሉ ጀመር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አብረውኝ ጋሪ ላይ የተሳፈሩ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ያወራሉ።

«ያለመከሰስ መብት የሚባል ነገር አለው እኮ።»

«አንስተውበታላ።»

«እነማን?»

«የሰጡት ናቸዋ። የሰጠ መንሳት ያቅተዋል?»

ክሱ ደግሞ በሊቀ መንበርነቱ ዘመን ለብሔራዊ ውትድርና የደረሱ ልጆችን «ዕድሜያቸው አልደረሰም» እያለ ደብዳቤ ጽፏል የሚል ነው። ይህን የሰማሁ ቀን ሮጬ ቤት ገብቼ በሩን ቀረቀርኩ። ከነዚያ ደብዳቤዎች አንዱ እኔ ቤት፣ ሣጥን ውስጥ፣ ከእናቴ ነጠላ ሥር ነበራ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኩት አንድ ወንድም አለኝ። መሃል ከተማ ልብስ ይሰፋ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት፣ ደብዳቤው አሥራ ሰባት ይለዋል።

ሰውዬው እስር ቤት ሆኖ የማንንም ስም አልጠራም ይባላል። ይሁን እንጂ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። የጀመርኩትን ሥራ ትቼ ሌላ እጀምራለሁ፣ እሱንም እተዋለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ወንድሜን ወደ ጓዳ እገፋዋለሁ። «ኧረ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ናት» እያለ ይስቅብኛል። ሳቁም አናደደኝ።

በዚህ መሃል የሸንጎ ወንበር ባዶ አይቀመጥም ተባለና የማሟያ ምርጫ መጣ። ሦስት እጩ ያስፈልጋል። ሁለቱ ከስብሰባው በፊት የታወቁ ናቸው፤ አንድ ካድሬና አንድ የፋብሪካ ፎርማን። ሦስተኛዋ ሴት ትሁን ተባለ። እሑድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰቡን። እኔ የሴቶች ማኅበር ጸሐፊ ስለነበርኩ ከፊት ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለቀምኩት።

ከኋላ አንዲት ሴት ተነሡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ የሲዳማ ሴት፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ። ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ቤታቸው ውስጥ ነበር የሚጸልዩት። ውሸት የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ዶሮ ሲሸጡ እንኳ «ይቺ እንቁላል አቁማለች» ብለው ነው የሚጀምሩት። አንድ ልጃቸው በፊተኛው ዙር ዘምቶ ሰሜን ነው።

«እኔ የማቀርበው ይቺን ጸሐፊዋን ነው» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «አዋቂ ናት። ሰው አትንቅም።»

ብዕሬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «አመሰግናለሁ፣ ግን እኔ አልችልም» አልኩ።

አጨበጨቡ። መቼም በእኛ ዘንድ ወዲያው እሺ የሚል ሰው አይወደድም። ምግብም ሹመትም ሲቀርብልን መጀመሪያ እንግደረደራለን።

«እባካችሁ፣ እውነቴን ነው፣ አልፈልግም።»

«አያችሁ ጨዋ» አለ አንዱ ከኋላ።

«በመድኃኔ ዓለም አልኳችሁ።»

ስብሰባውን የሚመራው ሰው ፈገግ ብሎ እጁን አነሣ። «ጓዶች፣ ይህን ትሕትና ተመልከቱልኝ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ይኸው በገዛ እጄ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ፣ «በሙሉ ድምፅ ተጠቆመች» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ቅጽ ሰጡኝ። የሕይወት ታሪክ፣ በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ስም፣ ዕድሜ። በሚቀጥለው እሑድ ለሕዝብ ይነበባል፣ ጎረቤት እየተነሣ «እውነት ነው» ይላል። አንዴ ለሕዝብ ከተነበበ ደግሞ ለታሰረው ሰውዬ ከሳሾች መድረሱ አይቀርም። ሃያ አንድ ብል ደብዳቤው ይወጣል፣ ወንድሜም ይሄዳል። አሥራ ሰባት ብል የሚጠየቁት እኒያ የጠቆሙኝ ሴት ናቸው። እናቴ አራስ ቤት ታማ ወንድሜን ከዚያ ከዘመተው ልጃቸው ጋር አንድ ላይ ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ዕድሜውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ደግሞም አይዋሹም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ያን ቅጽ ይዤ ቤት ውስጥ ስዞር ሰነበትኩ። ወንድሜን «ሻሸመኔ ሂድ፣ አክስታችን ጋ ተቀመጥ» እለዋለሁ። ቦርሳውን ሲያነሣ ደግሞ «ኬላ ላይ ቢይዙህስ?» ብዬ አስቀምጠዋለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን አዝቅዝቄ ለብሼ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። ቆጮ እየከተፉ ነበር።

«ምን ሆነሻል፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«እትዬ፣ ያን ጊዜ አልችልም ያልኩት ስግደረደር አልነበረም» አልኳቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብዳቤውን፣ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈ።

መክተፊያው ቆመ።

«የእኔ ልጅ ከመሄዱ በፊት ነው?»

«በፊት ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ።»

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንዳለ ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«አውቅ ነበር። እርስዎ አይዋሹም ብዬ… ቢነግሩብኝስ ብዬ ፈራሁ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው አላለቀሱም። «ሂጂ፣ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ። ከኋላዬ የመክተፊያው ድምፅ እስኪሰማ ብጠብቅ አልተሰማም።

እሑድ ደረሰ። የወንድሜን የዕድሜ ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እዚያው እጽፈዋለሁ ብዬ እርሳስ በመዳፌ ጨብጫለሁ። ገና የካድሬው ታሪክ ተነቦ ሳያልቅ ሴትዮዋ ተነሡ።

«ያቺን ሴት ያቀረብኩ እኔ ነኝ። ጥቆማዬን አንሥቻለሁ።»

«እናቴ፣ እንዲህ በዋዛ አይነሣም» አለ ሰብሳቢው። «ምክንያት ያስፈልጋል።»

«ሐሙስ ቤቴ መጥታ ፈራሁ ብላ አለቀሰች። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው። እኔ የምታለቅስ ሰው ሸንጎ አልልክም።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ፤ ይህን ስል ደግሞ እንባዬ መጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ሸንጎውን በጎርፍ ልታጥለቀልቀው ነበር» አለ አንዱ። ቅጼን ሳያነቡ መለሱልኝና አንዲት የገበያ ሻጭ ተጠቆመች። እሷም አልችልም አለች። በሦስተኛው ልመና ላይ እሺ አለች።

ስንበተን ሮጥኩና ሴትዮዋን መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ ሸሹ።

«ውሸት አልተናገርኩም» አሉ። «የጠየቁኝ ስለ አንቺ ነው፣ ስለ እሱ አልጠየቁኝም።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።»

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ወንድምሽ በደጄ አይለፍ። ጡቴን ያጠባሁት ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ግን ሳየው የእኔን ልጅ ከጎኑ እፈልጋለሁ።»

ቤት ገብቼ ነገርኩት። መጀመሪያ የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ከማግሥቱ ሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ ሲሄድ በሐይቁ ዳር ዞሮ ነበር የሚሄደው። ዝናብ ሲሆን ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። በሴትዮዋ ደጅ ቢያልፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።