ጠርጌ የበላሁት ገበታ

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው እነዚህ ነን። መጀመሪያ እኔ፣ የእነዋሪ ገበሬ፣ ፊደልን ያለ መምህር ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሜ እየሰማሁ የለየሁ። ሁለተኛ የመጨረሻ ልጄ ዘነበች፣ እናቷን ካጣች ሁለት ክረምት ያለፋት። ሦስተኛ አሊ፣ ከአልዩ አምባ ጨውና በርበሬ ይዞ ገበያችን የሚመጣ ነጋዴ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ አብሮን የሄደ። አራተኛ የሺ፣ በደብረ ብርሃን ጠጅ ቤት አሳላፊ። አምስተኛ እመት አስካለ፣ የሟች ሚስቴ የአክስት ልጅ፣ አንኮበር ላይ ሰፊ ቤት ያላት። በቅሎዬ ቦራ ሰው አይደለችምና አልቆጥራትም፤ ከሁላችንም ይልቅ የደከመች ግን እሷ ናት።

የተነሳንበት ጉዳይ ዘነበችን እመት አስካለ ዘንድ ለማኖር ነው። እኔ ማረስና መገሠጽ አውቃለሁ። ጠጅ መጣል፣ ጥጥ መፍተል፣ ቤት ማስተዳደር ለሴት ልጅ ማስተማር አልችልም። እመት አስካለ “ስጠኝ፤ እንደ ልጄ ትሆናለች” ብላ ስለ ላከችብኝ፣ መስቀል አልፎ መንገዱ ጠፈፍ ሲል ተነሳን።

ከእነዋሪ እስከ ደብረ ብርሃን

የአገራችን የጅሩ ጥቁር አፈር ገና አልደረቀም ነበርና የቦራን ኮቴ እየያዘ አስቸገረን። አሊ አህዮቹን እየነዳ፣ “ጋሼ፣ ጫማ ቢኖረኝ ይህ አፈራችሁ ይቀማኝ ነበር” ይላል። ዘነበች ስትስቅ ሰማሁ። ከቤት ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ያ ነው። ገብሱ መንጣት ጀምሯል፤ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከመንገድ ዳር ካለ አንድ ገበሬ ቤት የእግዜር እንግዳ ብለን ገባን። እግራችንን አጥበው ሽንብራ ቆሎና እንጀራ ሰጡን፤ አንዳች አልከፈልንም። የቤቱ ልጆች ዳር ቆመው ስለሚጠብቁ እንደ ደንቡ ከፊቴ ካለው እንጀራ ተውኩላቸው። ይህን የምጽፈው ደንቡን የማላውቅ ሰው እንዳልመስል ነው። አውቀው ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብረ ብርሃን ደረስን። ነፋሱ ጋቢን ዘልቆ አጥንት ይነካል። የኩበት ጭስ የሚወጣበት አንድ ጠጅ ቤት ገባን። ባለቤቷ ለእኔና ለልጄ ራትና ማደሪያ አንድ አሞሌ ጨው አስቀድማ ተቀበለችኝ። ጾም ስለ ነበር የባቄላ ሽሮ ቀረበልን፤ ለአሊ በተለየ ገበታ፣ ከጠጁም ፈንታ ብርዝ።

የሺ የተባለችው አሳላፊ ከዘነበች ብዙ አትበልጥም። እጃችንን አስታጠበችን። ጠጁን ከመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ዋንጫውን ሰጠችኝ። ከዚያ ከምሰሶው ሥር ቆማ ጠበቀች።

ዘነበች ከገበታው ዳር አንድ እጥፍ እንጀራ አስቀረች።

“ጨርሺ” አልኳት።

“ጠግቤያለሁ አባባ።”

“የተከፈለበት ነው። የተከፈለበት እህል አይጣልም።”

ልጄ ትእዛዜን አታፈርስም፤ በላች። እኔም ወጡን እስከ መጨረሻው ጠረግሁ፤ ዋንጫዬንም ገለበጥኩ። አሊ ግን የገበታውን እኩሌታ ትቶ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

“ለማን ተውከው?” አልኩት።

“ለባለቤቱ።”

“ባለቤቱ አንተ አይደለህም እንዴ? ጨውህን ሰጥተሃል!”

ሳቀ። የሺ የእኛን ገበታ ስታነሳ አየት አደረገችው፤ ቀጥላም ዘነበችን አየቻት፤ ሄደች።

ሲነጋ ለአሊ ውሃ ተሞቀለት፣ ለአህዮቹም ጭድ ተሰጠ። ለእኔ ማንም አልመጣም፤ ቦራም ባዶ መሬት ትልሳለች። ተናደድኩ። ባለቤቷን ጠርቼ፣ “አሳላፊሽ ሰነፍ ናት፤ በእንግዳ መካከል ታዳላለች” አልኳት።

ሴትዮዋ እዚያው ፊቴ፣ “አንቺ! ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ፊት እንዳትደርሺ፤ ወፍጮ ላይ ትውያለሽ” አለቻት። የሺ ወደ ወፍጮው ሄደች። እኔም ጥፋት አረምኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ወደ አንኮበር

ከደብረ ብርሃን በኋላ አገሩ የጓሳ ሣርና ድንጋይ ነው። ጅባራ የሚባለው ግንደ ረጅም ተክል ጉም ውስጥ ሲታይ የቆመ ሰው ይመስላል። እኔ ስለ ጭዱ ማማረሬን ስላልተውኩ አሊ በመጨረሻ ቆመና ፊቱን አዞረብኝ።

“ወላሂ ጋሼ፣ አንተ ጉድ ነህ! የልጅቷን ራት በላህባት፤ ሲነጋ ደግሞ ሰነፍ ብለህ ከሰስካት።”

“የማንን ራት? የበላሁት የከፈልኩበትን ነው።”

“የከፈልከው ለሴትዮዋ ነው። የሺ ከዚያ ቤት የምታገኘው መኝታና በዓመት አንድ ቀሚስ ነው። የምትበላው እንግዳ የተወላትን ነው።”

“እንግዲያው ሴትዮዋ ታብላት! አሠሪዋ እሷ ናት። የእሷን ዕዳ እኔ የምሸከመው በምን ሕግ ነው?”

“ልክ ነህ” አለ አሊ። “ልክ ስትሆን ግን ልጅቷ ጦሟን አደረች።”

የቦራን ልጓም ጎትቼ መንገዴን ቀጠልኩ። አሁንም ቢሆን በነገሩ እኔ ትክክል ነኝ እላለሁ፤ ሠራተኛን ማብላት የአሠሪ ግዴታ ነው። ይህን እያሰላሰልኩ ስሄድ ዘነበች ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣

“አባባ፣ እኔስ እመት አስካለ ቤት የምበላው ምንድን ነው?” አለችኝ።

“አንቺ ዘመድ ነሽ” አልኳት። ድምፄ ግን እንደ ወትሮው አልጠነከረም።

ከአንኮበር አፋፍ ስንደርስ ጉሙ ተከፈተና ቆላው ከእግራችን በታች ታየ። አሊ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሊወርድ ተሰናበተን። ከጭነቱ አንድ የጨው ስባሪ አውጥቶ ለዘነበች ሰጣት። “ሆድሽ ሲባባ ላሺው፤ አላህ ያሳድግሽ” አላት።

እመት አስካለ ቤት

እመት አስካለ ልጄን አገላብጣ ሳመቻት፤ “የእናቷ ዓይን! የእናቷ ዓይን!” እያለች አለቀሰች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን አልክድም። ቤቱ ግን በእንግዳ ተሞልቶ ነበርና ወዲያው፣ “በይ ልጄ፣ ከእነዚህ እኅቶችሽ ጋር ቁሚ፤ በማየት ነው የሚለመደው” አለቻት። ዘነበች ጠዋት ከቀመሰችው በሶ ሌላ አልበላችም።

ከእኔ ፊት ለፊት ለሙግት የመጣ አንድ ባላገር ተቀምጧል። የበጉን ወጥ እየጠረገ ለጓደኛው፣ “እህል መጣል ኃጢአት ነው” ይለዋል። ድምፁ የራሴ ድምፅ መሰለኝ። ገበታውን እንድታነሳ የተላከችው ዘነበች ነበረች። ጎንበስ ብላ አየችው። ያ አስተያየት የየሺ አስተያየት ነበር። ልጄ ወደ እኔ እንዳታይ ፊቷን አዞረች።

ዳገት ወጥቼ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ርቦኛል። እጄን ከገበታው አነሳሁና ወጡን በእንጀራው ሸፈን አድርጌ ጠራኋት።

“አንሺው፤ ጠግቤያለሁ።”

“አልበሉም እኮ አባባ።”

“ጠግቤያለሁ አልኩሽ!”

ለልጄ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ወሰደችውና ከምሰሶው ጀርባ ከሦስቱ ልጃገረዶች ጋር ተካፈለችው። ለየራሳቸው ሁለት ጉርሻ እንኳ አልደረሳቸውም።

በማግስቱ እመት አስካለን፣ “በዚህ ቤት የሚያሳልፉ ልጆች ምን ይበላሉ?” አልኳት።

ተቆጣች። “የእኅቴ ልጅ በቤቴ ተራበች ልትለኝ ነው? እኔስ እንዲሁ አይደለም ያደግሁት?” ወዲያው ትልቋን ልጅ ጠራቻት። “አንቺ፣ ትጠግቢያለሽ ወይስ አትጠግቢም? ተናገሪ!”

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ “እንደ እንግዳው ነው እመቤቴ” አለች።

እመት አስካለ የልጅቷን ክንድ ይዛ አየችው። ቆይታ፣ “እሺ፣ ለዘነበች አስቀድሞ ይቆረስላት” አለች።

“ለእኔ ብቻ ከሆነ አልበላም” አለች ዘነበች። ግትርነቷን ከማን እንደ ወሰደች አገር ያውቃል። እመት አስካለ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየች፣ ሳቋን መያዝ አቃታት። “አባትና ልጅ ቤቴን ልትፈቱት ነው የመጣችሁት! ይሁን፤ እንግዳ ሳይቀመጥ ለአራቱም አንድ ሌማት ይቅረብ።”

ስሰናበት ዘነበች ያን የጨው ስባሪ በመዳፌ ውስጥ አኖረችው። “ለየሺ ይስጡልኝ” አለችኝ። አላለቀስኩም። ቦራን ጭኜ እስክጨርስ ግን ቀና አላልኩም።

መመለሻ

ደብረ ብርሃን ያው ጠጅ ቤት ሌላ አሞሌ ከፍዬ ገባሁ። ሌላ አሳላፊ ቆማለች። ለባለቤቷ፣ “የዚያን ዕለት የተናገርኩት ሐሰት ነው፤ ሰነፍ አልነበረችም፣ የተራበች ነበረች። ወደ ቦታዋ መልሻት” አልኳት። “አይ የእናንተ ነገር፤ አንድ ቀን ክስ፣ አንድ ቀን ምልጃ” ብላ አጉረመረመች፤ ሆኖም ጠራቻት። የሺ እስከ ክንዷ ዱቄት ለብሳ መጣች። የገበታዬን እኩሌታ ትቼ ስነሳ ፈርታ፣ “አባባ፣ አመመዎት እንዴ?” አለችኝ።

“አላመመኝም። ይኸውልሽ፣ ልጄ የላከችልሽ ነው።”

ጨዉን ተቀብላ ላሰችውና በመቀነቷ ቋጠረችው። ሲነጋ ቦራ ጭዷን በልታ ጠበቀችኝ።

ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ራት ስበላ ከገበታው ዳር አንድ እጥፍ እንጀራ ማስቀረቴን ያየሁት ኋላ ነው፤ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። የተማርኩት ይህ ነው፦ እህል መጣል ኃጢአት መሆኑን ዛሬም አስተምራለሁ፤ አጠገቤ ለቆመ ሰው መተው ግን መጣል አይደለም።

ጉዞው ያስወጣንን ልናገር። አሊን የገበታ እኩሌታና አንድ የጨው ስባሪ። የሺን የአንድ ምሽት ራትና የጥቂት ቀን የወፍጮ ድካም፣ ሁለቱም በእኔ ምክንያት። እመት አስካለን በየቀኑ አንድ ሌማት እንጀራ። ዘነበችን አገሯን። እኔን ሁለት አሞሌ፣ እና ዘነበችን።