የእትዬ ዘነበች ጣባዎችና ሦስተኛው ሰው

«ታዲያ እኔን አላመንከኝም ማለት ነዋ» አለኝ ሸምሱ፣ የሚኒባሱን በር በትከሻው ደግፎ።

«ማመን አለማመን አይደለም ብዬሃለሁ እኮ።»

«እና ምንድነው? ኢንሹራንስ ብለህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ለተቀመጠ፣ አይተኸው ለማታውቅ ሰው ትከፍላለህ። እኔ እዚህ ቆሜ እያየሁህ።»

«የምከፍለው ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለዕቃው ነው።»

«ዕቃው በማን እጅ ነው የሚሄደው?»

«ባንተ።»

«እህ።»

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት አንገታቸውን አውጥተው «ኧረ ልጆቼ፣ ገበያው ሳይበተን አድርሱንና ከዚያ ተጣሉ» አሉ። ተሳፋሪው ሳቀ። ሸምሱ ግን አልሳቀም። «ጎንደሬው» አለኝ፤ እዚህ ስሜ ይኸው ነው፤ «እናንተ አገር ሰው ሲያስቀይም እንዲህ ነው?» ብሎ መሪውን ያዘ። ካርቶኖቼን ግን አልመለሰም። ወስዶ አደረሰልኝ።

ይህን የምጽፈው ደብረ ታቦር ሆናችሁ በስልክ «ለመሆኑ እዚያ ምን እየሠራህ ነው?» ለምትሉኝ፣ እንደኔም ከሰሜን ወርዳችሁ ወልቂጤ ወይ ቡታጅራ ቤት ለተከራያችሁ ነው። ምን እየሠራሁ እንደሆነ እኔም ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል።

ከቤት የወጣሁት መንገዱ ዛሬ ተከፈተ፣ ነገ ተዘጋ በሚባልበት ሰሞን፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ በሶውን በላስቲክ ቋጥራ፣ ጋቢውን አጣጥፋ ሰጠችኝና «እዚያም ብርድ አለ» አለችኝ። ወልቂጤ ስደርስ ጋቢው ጭኔ ላይ፣ ላቡ ጀርባዬ ላይ ነበር። የመጣሁት የአጎቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሥራ አለ ስላለኝ ነው። ሥራው አልነበረም፤ የአጎቴም ልጅ ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እኔ ቀረሁ። ለምን ቀረህ ብትሉኝ አላውቅም፤ የመመለሻው መንገድ ሲከፈት የኔ ኪስ ባዶ ይሆናል፣ ኪሴ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል።

የቤት ኪራይ ስጠይቅ ባለቤቷ ወይዘሮ አስቴር በሩ ላይ አቁማ መረመረችኝ።

«ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ትቅማለህ?»

«አልቅምም።»

«የቀድሞው ጎረቤትህ ግን መብራትህ እስከ ውድቅት አይጠፋም አለኝ።»

«ግጥም እጽፋለሁ።»

ትንሽ አሰበች። «ብትጠጣ ይሻል ነበር። የሚጠጣ ሰው በጊዜ ይተኛል፤ መብራቴንም አይፈጅም።»

አከራየችኝ። መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ስሄድ ደግሞ መሸኛ አምጣ ተባልኩ። መሸኛውን የሚጽፈው አገር ቤት ያለው ቢሮ ተዘግቷል ብላቸው «ሲከፈት ትመጣለህ» አሉኝ። «የሚከፈተው እዚያ፣ እኔ ያለሁት እዚህ» አልኩ። ሰውየው ከልቡ አዘነልኝና «እሱስ ልክ ነህ» ብሎ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ። በመጨረሻ ወይዘሮ አስቴር ከመዝሙር ልምምድ ስትመለስ ቀበሌ ጎራ ብላ፣ ማንን እንዳናገረች እንጃ፣ «ነገ ሂድና ፎቶ ተነሳ» አለችኝ። እዚህ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው። ሰው ለሰው ይቆማል፣ ወረቀቱ በኋላ ይከተላል። ይህን መጀመሪያ ወደድኩት፤ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

ከእንሰት የሚጋገረው ቆጮ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ስቀምሰው እርጥብ ብራና የማኝክ መስሎኝ ነበር። አሁን ሁለት ቀን ካለፈኝ ይናፍቀኛል። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ጤፏን የካድኩባት ይመስለኛል።

ጣባን ያየሁት በቆጮው ሰበብ ነው። ክትፎ የሚቀርብበት የሸክላ ሳህን ነው፤ ጥቁር፣ እንደ ጫማ የሚያበራ። የእትዬ ዘነበችን ግን ሌላ ጣባ አጠገብ ብታስቀምጡት ሌላው አፈር ይመስላል። እሷ ከአገና ወዲህ ባለ መንደር ትኖራለች፤ ለገበያ ወልቂጤ ስትመጣ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፋ ትደረድረዋለች። ሰው ይገዛታል፣ ያደንቃል፤ ግን ቁጭ ብሎ የሚያወራት የለም። ሸክላ ሠሪን ቤት የማስገባት ልማድ የላቸውም ብለው ሰዎች ሹክ አሉኝ። እኔ መጤ ነኝ፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፎቶ አነሳሁ፣ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦

እሳት ያየ ጭቃ ውሃ አልፈራም ብሎ፣
ጥቁር ጣባ መጣ ቅጠል ተጠቅልሎ።

ሰው አዘዘ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ፣ ከዚያ ከአዳማ። ያተረፍኩት ብዙ አይደለም፤ ግን በዚህ አገር የኔ የምለው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። እትዬ ዘነበች በደረቀ የእንሰት ቅጠል ትጠቀልላለች፣ እኔ ካርቶን ውስጥ እከታለሁ፣ ሸምሱ ወስዶ ለሌላ ሹፌር ያስረክባል። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ፍርፋሪ ሆኖ ይደርሳል። ደንበኛው ይጮኻል። የተሰበረውን እሷ እንደገና ትሠራለች፣ በነፃ። አንድ ቀን መዳፏን እያየች «ቡታጅራ አንድ ነጋዴ አለ» አለችኝ። «የሠራሁትን ሁሉ እዚያው መንደሬ መጥቶ ይወስዳል። ዋጋው ያንስ ይሆናል። ቢሰበር ግን የሱ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ምን እላለሁ? እሷ ከሄደች ወልቂጤ ውስጥ አንድ ጋቢና ብዙ ግጥም ነው የሚቀረኝ። «ከእንግዲህ ከተሰበረ ሌላ ሰው ይከፍልሻል» አልኳት።

«ማን?»

«ኢንሹራንስ።»

«ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«ሰው አይደለም።»

«እሺ፤ አንድ ጊዜ አያለሁ» አለች።

ምርጫው እንዲህ የሚያዞር መሆኑን ማን ነገረኝ። ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ሄድኩ፤ ልጅቷ «ከሰበርን በኪሎ እንከፍላለን» አለችኝ። «ጣባ እኮ ቀላል ነው» አልኳት። «ክፍያውም ቀላል ነው» አለች፣ ሳትስቅ። ከዚያ ናትናኤል የሚባል የመድን ወኪል ጋ ሄድኩ፤ ክራቫት ያሰረ፣ የወልቂጤ ልጅ፣ ትሑት። ከኔም ከአጓጓዡም ያልሆነ፣ በመካከል የሚገባ ሦስተኛ ኩባንያ እንዳለ አስረዳኝ። ግን አንዱ ውል ቢጠፋ ይከፍላል፣ ቢሰበር አይከፍልም። ሌላው ቢሰበር ይከፍላል፣ ሸክላና መስታወት ከሆነ አይከፍልም። «ታዲያ የማይሰበረው ነገር ቢሰበር ነው የሚከፍለው?» ስለው አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሦስተኛው ሸክላም ቢሆን ይከፍላል፤ ነገር ግን በአረፋ ላስቲክ ታሽጎ፣ ሳይታሸግና ከታሸገ በኋላ ፎቶ ተነስቶ፣ ሲሰበርም ከሹፌሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ መጥቶ። የምከፍለው አረቦን ግን ከሁሉም ይወደዳል። ማታ ሦስቱንም ወረቀት አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አነበብኳቸው። በአማርኛ ነው የተጻፉት፤ አማርኛው ግን የእናቴ ቤት አማርኛ አይደለም። በመጨረሻ የደከመ ሰው እንደሚመርጠው ውዱን መረጥኩ።

ወይዘሮ አስቴር ስትሰማ «እድር ገብተህ የለ?» አለችኝ።

«እድር ለሞት ነው፣ እትዬ።»

«ለሁሉም ነው። እኛ ዘንድ ነገር ሲሰበር ሰው ይሰበሰባል።»

እውነቷን ነበር።

ትልቁ ትእዛዝ ከመስቀል በፊት መጣ። ሐዋሳ ክትፎ ቤት የምትከፍት ሴት ነች። ዕቃው በሸምሱ ቡታጅራ ይደርሳል፣ ከዚያ ሌላ መኪና ይወስደዋል። እትዬ ዘነበች ስንት ጊዜ እሳት አንድዳ እንደሠራችው እኔ አላየሁም፤ ጭሱ ግን ነጠላዋ ላይ ነበር። በቅጠሏ ላይ የኔን ላስቲክ ስጠቀልልበት «ሁለት ልብስ አለበስከው» ብላ ሳቀች። ፎቶ አነሳሁ። ሸምሱ አሁንም አኩርፎኝ ነበር፤ ቢሆንም ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ጭኖ በገመድ ጠፈረው።

የቡታጅራ መንገድ ተራራው ላይ ሲደርስ ትርፍ ጎማው ተፈትቶ ካርቶኖቹ ላይ ወደቀ። ጎማውን ያሰረው ራሱ ነው። ሸምሱ አልደበቀም። ስብርባሪውን ሁሉ ለቅሞ፣ በዚያው ካርቶን ይዞ ተመለሰ። ደውሎም አልነገረኝም። በማግስቱ ከሰዓት ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ጋሽ ሙራድንና ጡረታ የወጡትን መምህር አቶ ዮሴፍን። ወይዘሮ አስቴር ሮጣ ወንበር አወጣች። አልተቀመጡም።

«መልስህን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሙራድ። «ልጃችን አጥፍቷል። ሆን ብሎ አይደለም። ቢያምነኝ ኖሮ ኢንሹራንስ አይገባም ነበር ብሎ ያዘነብህ ልጅ ራሱ አጥፍቶ ስለተገኘ እንቅልፍ አጣ።»

አቶ ዮሴፍ «አንተም አሁን የኛው ልጅ ነህ» አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቄዋለሁ። በዚህ ከተማ ሁለት ሽማግሌ እኔን ብሎ፣ ጎንደሬውን ብሎ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይለምናል። ሸምሱ መሬት መሬት ያያል። ወይዘሮ አስቴር በመስኮት ታየኛለች። ደግሞስ የሚከፍለው ኢንሹራንሱ አይደል? እኔ ምን ይጎዳኛል?

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ተቀመጡ። ሸምሱ ትከሻዬን ስሞ አለቀሰ። አቶ ዮሴፍ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ዕቃው በሸምሱ መኪና እንደተሰበረ፣ እኔም ይቅር ብዬ ከእንግዲህ በምንም መንገድ እንደማልጠይቀው ጻፉ። ሁላችንም ፈረምን።

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። ናትናኤል ከሹፌሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ አምጣ ብሎኝ የለ? ያንን ወረቀት ይዤለት ሄድኩ። በኩራት።

አነበበው። ክራቫቱን ላላ አደረገ። እንደገና አነበበው።

«ወንድሜ፣ ይሄን ማን አምጣ አለህ?»

«አንተ።»

«እኔ መሰበሩን የሚያረጋግጥ ነው ያልኩህ።»

«እሱንም ይላል። መጀመሪያው ላይ።»

«መጨረሻው ላይስ?» ጣቱን አስቀመጠበት። «ኩባንያው ላንተ ከከፈለ በኋላ ባንተ እግር ገብቶ አጥፊውን ይጠይቃል። መብትህን ለሱ ታስተላልፋለህ፤ ውሉ ላይ አለ። አንተ ደግሞ መብቱን ይቅር ብለህ ጨርሰሃል። በምን እግሩ ይግባ?»

«ታዲያ ሽማግሌ በሬ ላይ ቆሞ እምቢ ልበል?»

ናትናኤል ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እኔም ብሆን እምቢ አልልም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለዚህ ነው እዚህ ይህን ውል ለመሸጥ የምቸገረው።» ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝ።

ለእትዬ ዘነበች አልሄድኩላትም። ምን ብዬ? እሷ መጣች፤ ከገበያ በኋላ። በሬ ላይ ቆመች።

«ግቢ፣ እትዬ ዘነበች።»

ደጁን፣ የወይዘሮ አስቴርን መስኮት አየች፤ ከዚያ ገባች። በዚህ ግቢ ውስጥ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስብርባሪው ያለበት ካርቶን ጥግ ላይ ነበር። አንድ ስባሪ አነሳችና በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

«ያ ሰው ያልሆነው ሰውዬ ከፈለ?»

ነገርኳት። ውሉን፣ መብት ማስተላለፉን፣ እግሩን። ስናገረው ለኔም አልገባኝም። መጨረሻ ላይ «እኔ ከራሴ እሰጥሻለሁ፤ ቀስ እያልኩ» አልኩ።

«ያንተን አልጠየቅኩህም።» ስባሪውን ገልብጣ አየችው። «ሽማግሌዎቹ መጡ አልክ።»

«አዎ።»

«የት ተቀመጡ?»

«ደጅ፣ ወንበር ላይ።»

«ማን ማን ነበረ?»

ቆጠርኩላት። ሸምሱ፣ ጋሽ ሙራድ፣ አቶ ዮሴፍ፣ ወይዘሮ አስቴር በመስኮት፣ እኔ።

«የተሰበረው የማን ሥራ ነው?»

«ያንቺ።»

«እኔን ማን ጠራኝ?»

ሽማግሌዎቹ አላሰቡትም ልላት ነበር። የአገሬው ልማድ ነው ልላት ነበር። እኔ ግን መጤው ነኝ፤ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አንዴም፣ ለአፍታም፣ እሷ ትጠራ የሚል በሐሳቤ አላለፈም። የኛው ልጅ ነህ ሲሉኝ እንደነሱው ሆኜ ነበር።

አልጋው ላይ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ናት። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ሰዎቹ እንዴት ናቸው? ደግ ናቸው?» ብላ ነው።

«አንሳ» አለችኝ እትዬ ዘነበች። «እናት አታስጠብቅ።»

«ቆይ፣ እትዬ፣ አንድ ጊዜ...»

«የቡታጅራው ነጋዴ ማክሰኞ ይመጣል» አለች ተነስታ። ነጠላዋን አስተካከለች። «ይቅር ማለትህ ጥሩ ነው፤ ሸምሱ ክፉ ልጅ አይደለም። እኔም ብትጠሩኝ ይቅር እለው ነበር።»

ስባሪውን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው፣ እንዳይሰበር የምትፈራ ይመስል፣ በቀስታ። ስልኩ እጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወጣች። የቆርቆሮው በር ከኋላዋ ተዘጋ።