በነጩ ፋኖስ ላይ የነበረው ስም

ሜንግ ኦክሲም በሴኡል የጨርቅ ገበያ ውስጥ ከእኔ ሱቅ አጠገብ ብርድ ልብስ ትሰፋ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ትንሽ ልጅ ሳለች ባቡር ጣቢያ ላይ ከቤተሰቧ ተለያይታ፣ ስሟንና የመንደሯን ስም፣ ሶልጎልን፣ ብቻ ይዛ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ አደገች። የዘመድ ወሬ ሲነሳ መርፌዋ ላይ ታቀረቅራለች።

የቡድሃ ልደት ሲቃረብ፣ ለሟች እናቴ ፋኖስ ላሰቅል ስሄድ በግድ ይዣት መሃል ከተማ ወዳለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ሄድን። ለሕያዋን የሚሰቀሉት ባለ ቀለም ፋኖሶች ግቢውን ሞልተውታል። የሙታኑ ነጫጭ ፋኖሶች ከአዳራሹ ጀርባ ናቸው። የእናቴን አሰቅዬ ዞር ስል ኦክሲም ከአንዱ ሥር ደርቃ ቆማለች።

«እትዬ፣ ነይ እንጂ! የቤተ መቅደሱ ምሳ ሊያልቅ ነው።»

«እስኪ ይሄን አንብቢልኝ። ዓይኔ ነው?»

ከፋኖሱ የተንጠለጠለውን ወረቀት አነበብኩ። «ሟች እህቴ ሜንግ ኦክሲም፣ የሶልጎል ልጅ። ወንድምሽ ዱሆ።»

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለችኝ። ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ድንጋዩ ላይ ዘጭ አለች።

ደግፌ ወደ ቢሮው ወሰድኳት። ሽማግሌው መነኩሴ ነገሩን ሲሰሙ ስልኩን አነሱ። «ሰውየውማ በየዓመቱ ይመጣሉ። ኢንቾን ወደብ ነው የሚሠሩት።»

«እህትዎ እዚህ ተቀምጣለች» ሲሉት ከወዲያ የመጣው ጩኸት እኔ ድረስ ተሰማ። «አባ፣ በሙት አይቀለድም!» ስልኩ ጆሯቸው ላይ ተዘጋ።

መጣ ግን። የወደብ ቦቲውን እንኳ ሳያወልቅ፣ እያለከለከ ከበሩ ቆመ። አልቀረበም። መጀመሪያ እግሯን አየ፣ መሬት መርገጧን የሚያጣራ ይመስል።

«ጣቢያው በቦምብ ሲመታ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ውስጥ ከነበሩት ማንም አልተረፈም።»

«እኔ ቀደም ብዬ ወጥቻለሁ። ውሃ ጠምቶኝ ነበር።»

«እጄን ይዘሽ ነበር እኮ!»

«ለቀቅኸኝ ወይስ ለቀቅኩህ?»

«እኔ እንጃ። ይሄው እስከ ዛሬ አላውቀውም።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «የእናታችንን ፊት ይዘሽ መጣሽብኝ!» ብሎ እዚያው ተንበረከከ።

ኦክሲም አላለቀሰችም። እጁን ያዘችና ታየው ጀመር። ምሳ ቀረበ፤ ሁለቱም አልቀመሱም። በኋላ ከአዳራሹ ጀርባ ዱሆ ወረቀቱን ከፋኖሱ ሲበጥሰው ብቻ ደንግጣ «ቀስ በል!» አለች፣ የራሷ ቆዳ የተላጠ ይመስል።

ድንጋጤው ቶሎ አልለቀቃቸውም። ዱሆ አሁንም ጠዋት ጠዋት ገበያችን ውስጥ ወዳለው ስልክ ይደውልላታል። የሚያወሩት ብዙ አይደለም።

«አለሽ?»

«አለሁ። አንተስ አለህ?»